የእትብቱ ደም የማን ነው?

በታዛቢ፣ ከደባርቅ

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውላ «የሕፃኑን የእትብት ደም በክፍያ እናስቀምጥልሽ ይሉኛል፤ ምን ትለኛለህ?» አለችኝ። የእሷ እትብት የተቀበረው ዳባት፣ አያታችን ጓሮ ነው። የልጇ ደም ደግሞ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሊተኛ!

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. ፓሪስ፣ ሴንት ሉዊ ሆስፒታል፣ ዶክተር ኤልያን ግሉክማን ፋንኮኒ አኒሚያ የያዘውን ልጅ በጨቅላ እህቱ የእትብት ደም አክመው አዳኑት። ከእንግዴ ልጅ ጋር ይጣል የነበረ ደም፣ በያዛቸው ስቴም ሴሎች የመቅኒን ሥራ ሠራ። ደሙን ለማንኛውም ሕመምተኛ ለሚያስቀምጥ የሕዝብ ባንክ መለገስ ታዲያ ደግ ነው፤ በተለይ የአፍሪካ ዘር ያለው ሕመምተኛ የሚገጥመውን ለጋሽ ከመዝገብ በቀላሉ አያገኝምና። ለራስ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነው። ልጁ ከደሙ ጋር የተወለደ በሽታ ካለበት የተቀመጠውም ደም ያው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2017 እ.ኤ.አ. የመከረው ለሕዝብ ባንክ እንጂ ለግሉ አይደለም።

እኛ ደባርቅ ላይ የናይትሮጅን ታንከር የለንም። ባንካችን ሕፃኑ ራሱ ነው። አዋላጇ እትብቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ትርታውን እያዳመጠች ብትቆይ፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ብቻ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ወደ ልጁ ይገባል፤ አንድ ስኒ ቡና በሉት። ብረቱ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ስንቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከአንድ ደቂቃ በፊት አይቆረጥ ይላል። ለባንክ የሚቀዳውም ይኸው ደም ነው፤ ልጁ በጠጣ ቁጥር ለከረጢቱ የሚተርፈው ያንሳል።

አያቴ «እንግዴ ልጁ ሳይወጣ ማን ይቆርጣል?» ትል ነበር። ምላጯን አልናፍቅም፤ በምላጭ ስንቱ ጨቅላ በመንጋጋ ቆልፍ ሄዷል። ትዕግሥቷን ግን እናፍቃለሁ። በእርግጥ ሌሊት ብቻዋን ተረኛ ሆና ሁለት ምጥ ለያዘች አዋላጅ ያቺ ደቂቃ ረጅም ናት። ሁለተኛ እጅ ትፈልጋለች፤ ስብከት አይደለም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ የጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። እትብቱ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ከጤና ጣቢያው ተወስዶ ቢታከልበት፣ ስለ ልጆቻችን ደም ማነስ በራሳችን ቁጥር እናወራ ነበር።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። «እሺ፣ ሐኪሟን ጠብቂልኝ እላታለሁ» አለችኝ። «እትብቱንስ የት ልቅበረው?»

የምትኖረው አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው።