«አዎ» ብቻ የሚገባበት ኮሮጆ

ሰሞኑን ማኪያቶ ላይ የተጀመረ ክርክር ነው። ከመካከላችን አንዱ (ስሙን አንጠራም፤ ነገም አብረን እንጠጣለን) እንዲህ አለ፦ «ዲሞክራሲ ዲሞክራሲ እያላችሁ አታድርቁን። ቻይናን እዩ! አንድ ፓርቲ ነው የሚገዛት። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረትን ሕንጻ ሠርታ ሰጠች፣ የከተማዋን ባቡር ዘረጋች። እኛ ስንትና ስንት ፓርቲ መሥርተን ምን ሠራን?» ሌላዋ ጓደኛችን ቀበል አድርጋ «ታዲያ ጎበዝ አምባገነን ነው በላ! ዲሞክራሲ ነው ለምን ትላለህ?» አለችው። እሱም አልሸሸም። «ሕዝቡ ይመርጣል፣ ምክር ቤት አላቸው፣ ይወያያሉ። የእነሱ ዲሞክራሲ በእነሱ መንገድ ነው» ብሎ ዘጋው።

ሒሳብ ከፍለን ወጣን እንጂ ክርክሩ አላለቀም። ሳምንቱን ሙሉ በስልክም፣ በታክሲም ቀጠልነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ አንድ የኮሙኒስት ፓርቲ ብቻ የሚገዛበት አገር ዲሞክራሲያዊ ሊባል ይችላል? ወይስ አምባገነን ነው? እኛ ደግሞ ይህን ጥያቄ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልናየው አንችልም። ወላጆቻችን ኖረውበታልና።

መጀመሪያ ለባለጉዳዮቹ እንፍረድላቸው

ኮሙኒስቶቹ የሚሉት ተራ ነገር አይደለም። ዳቦ የሌለው፣ ስሙን መጻፍ የማይችል፣ በሰው መሬት ላይ የሚያርስ ገበሬ በየአምስት ዓመቱ ወረቀት ቢጥል ምን ይጠቅመዋል ይላሉ። ፓርቲ ማለት የመደብ ወኪል ነው፤ ጨቋኝ መደብ ከጠፋ የሚቀረው ሠራተኛው ሕዝብ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሕዝብ አንድ ፓርቲ ይበቃዋል ይላሉ።

በተግባርም የሚያሳዩት አላቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛ የሚባለውን ነገር ከኢትዮጵያ ምድር አጥፍቷል። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዩኔስኮን ሳይቀር አሸልሟል፤ ፊደል የቆጠሩበት አያቶች ያሉን አለን። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1961 በአንድ ዓመት ዘመቻ መሃይምነትን ጠርጋለች። በቻይና በአርባ ዓመት ውስጥ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት መውጣቱን የዓለም ባንክ ይመሰክራል። ይህን የሚክድ ሰው ክርክሩን ሳይጀምር ተሸንፏል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ደግ ንጉሥም ንጉሥ ነው። ጥሩ መሥራት አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ሾመህ፣ ማንስ ያወርድሃል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ዲሞክራሲ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው። ጓደኛችን ስለ ሕንጻና ስለ ባቡር ሲያወራ መልስ የሰጠው ለመጀመሪያው ነው።

ሠራተኛውን ማን ጠየቀው?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቦልሼቪኮች ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1917፣ በሩሲያ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ ተካሄደ። ቦልሼቪኮች ያገኙት ከድምፁ አንድ አራተኛ ገደማ ነበር። ትልቁን ድምፅ የወሰዱት በገበሬው የሚወደዱት ሶሻሊስት አብዮተኞች ናቸው። ልብ በሉ፤ አሸናፊዎቹም ሶሻሊስቶች ናቸው! ጉባኤው በጥር 1918 ለአንድ ቀን ተሰበሰበ፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ። በ1921 ደግሞ ፓርቲው በአሥረኛ ጉባኤው በራሱ ውስጥ አንጃ መመሥረትን ከለከለ። መጀመሪያ ሌሎች ፓርቲዎች ዝም አሉ፣ ቀጥሎ የፓርቲው አባላት ዝም አሉ።

ከዚህ ጋር የምትያያዘው ታዋቂዋ ሐረግ «ዲሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» ናት። ከውሳኔ በፊት ተወያዩ፣ ከውሳኔ በኋላ ሁላችሁም ታዘዙ፤ የበታች አካል ለበላይ አካል ይገዛል። ይህቺን ሐረግ የኛም ትውልድ አሳምሮ ያውቃታል፤ ኢሕአዴግም ከደርግ ጋር ቢዋጋም እሷን ግን ይዟት ገብቷል። በወረቀት ላይ ሚዛናዊ ናት። በተግባር ግን ማዕከላዊነቱ ሥጋ ሲለብስ ዲሞክራሲያዊነቱ ቅጽል ሆኖ ይቀራል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእነዚህን ግን ካድሬ ነው ያወጣው። ምሥራቅ ጀርመን «የጀርመን ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ነበረች። ሰሜን ኮሪያ እስከ ዛሬ «ዲሞክራሲያዊ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» ናት። እኛም ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ነበርን። እዚህ ላይ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ፤ ኢሠፓ መርከቡ ሲሰምጥ፣ በ1982 ዓ.ም.፣ ማርክሲዝምን ጥሎ ስሙን «የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ» አለው። በመጨረሻ ሰዓትም የተጨበጠችው ያቺው ቃል ናት።

ግን እኮ ይመርጣሉ!

አዎ፣ ይመርጣሉ። እኛም መርጠናል። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። ከዚያ በፊት ረቂቁ በየቀበሌው ውይይት ተደርጎበታል፤ ስለ ጋብቻ ሳይቀር ጥያቄ ተነሥቷል። እንደ መንግሥት መግለጫ ከመራጩ 96 በመቶ ወጣ፣ 81 በመቶው ደገፈ። የኢሠፓ የመሪነት ቦታ ግን ውሾን ያነሣ ውሾ ይሁን የተባለለት ጉዳይ ነበር፤ ማንም አልነካውም። በሰኔ ወር ለብሔራዊ ሸንጎ ከ800 በላይ ወንበሮች ምርጫ ተደረገ። ለአንድ ወንበር እስከ ሦስት ዕጩ ይቀርብ ነበር። ዕጩውን የሚያቀርቡት ግን ፓርቲው፣ በፓርቲው ሥር ያሉ የሕዝብ ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ናቸው። ከዚያ ሸንጎው ተሰብስቦ ፕሬዚዳንት መረጠ። ማንን? የፓርቲው ዋና ጸሐፊና የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ የሆኑትን፣ ከዚያ በፊትም አገሪቱን ይመሩ የነበሩትን መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን።

የዚህ ዓይነቱ ድምፅ ስንት ያወጣል? ይህን የሚለካ ሚዛን አልፎ አልፎ ታሪክ ያበድረናል። የካርል ማርክስን ሐውልት ለአዲስ አበባ የሰጠችውን ምሥራቅ ጀርመንን እንይ። እዚያ መምረጥ ማለት የተዘጋጀ የዕጩዎች ዝርዝር ተቀብሎ፣ አጥፎ ኮሮጆ ውስጥ መክተት ነበር። «አይ» ለማለት ስሞቹን አንድ በአንድ መሰረዝ ያስፈልጋል። ለዚያ ወደ መጋረጃው የሄደ ሰው ደግሞ ዓይን ውስጥ ይገባል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 7 ቀን 1989 የአካባቢ ምርጫ ተደርጎ 98.85 በመቶ «አዎ» አለ ተባለ። በዚያ ቀን ግን ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር የሚሠሩ ተራ ዜጎች በየጣቢያው ቆመው ቆጠራውን ተከታተሉ። እነሱ የቆጠሩት «አይ» መንግሥት ካወጀው በልጦ ተገኘ። በዚያው ዓመት በኅዳር የበርሊን ግንብ ተከፈተ። መጋቢት 18 ቀን 1990 ያው ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ በነጻነት መረጠ፤ ገዢው ፓርቲ ስሙን ቀይሮ ቀርቦ ያገኘው 16.4 በመቶ ነው። እውነት ለመናገር ሁለቱ ምርጫዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የመጀመሪያው የአካባቢ ነው፣ ዝርዝሩም የአጃቢ ፓርቲዎችን ስም የያዘ ነበር። ቢሆንም ከ98 ወደ 16 ለመውረድ ሕዝብ በአሥር ወር ውስጥ ልቡን አይቀይርም። ልቡ ድሮም እዚያው ነበር፤ የሚናገርበት ቦታ ነው ያጣው።

ውስጥ ለውስጥ ይከራከራሉ የሚሉንስ?

ይህም ሐሰት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የቻይና ብሔራዊ የሕዝብ ጉባኤ ስለ ሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ ድምፅ ሲሰጥ 177 ተቃውመው 664 ድምፅ አቅበዋል። ኩባ በ2022 የቤተሰብ ሕጓን ለሕዝብ ስታቀርብ አንድ ሦስተኛው ያህል መራጭ «አይ» ብሏል፤ ውጤቱም በይፋ ተነግሯል። ስለ ግድብና ስለ ጋብቻ «አይ» ማለት የሚቻልበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም የአንድ ፓርቲ አገር ከሰሜን ኮሪያ ጋር በአንድ ከረጢት መክተት ስንፍና ነው።

ግን ጥያቄው ስለ ሥልጣን ሲሆን ምን ይሆናል? መጋቢት 2018 ያው የቻይና ጉባኤ የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን ገደብ ሲያነሣ ድጋፉ 2,958፣ ተቃውሞው 2፣ ድምፀ ተአቅቦው 3 ነበር። በ2023 ሺ ጂንፒንግ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመረጡ ደግሞ 2,952 ለዜሮ! ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ተሰብስቦ አንድም «አይ» የሚል ካልተገኘ፣ ወይ ሰዎቹ መላእክት ናቸው፣ ወይ «አይ» ማለት ዋጋ ያስከፍላል።

የዝምታ ዋጋ

«ታዲያ ሥራው እስከ ተሠራ ድረስ ዝም ቢሉስ?» ይለናል ጓደኛችን። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። «አይ» የማይባልበት ቤት እሳት ሲነሣም የሚጮህ አይኖረውም።

እ.ኤ.አ. በ1959 የቻይና መከላከያ ሚኒስትር ፔንግ ዴሁዋይ «ታላቁ ወደፊት እመርታ» የተባለው ዘመቻ ገበሬውን እየጎዳ መሆኑን ለማኦ በደብዳቤ ገለጹ። አደባባይ አልወጡም፤ ጓድ ለጓድ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። በሉሻን ስብሰባ ተወግዘው ከሥልጣን ተባረሩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይናገር? ረሃቡ እስከ 1961 ዘለቀ፤ የሞተው ሕዝብ በአሥር ሚሊዮኖች ይገመታል።

የኛስ? በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራ አሸብርቃ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ታከብር ነበር። በዚያው ሰዓት ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ ከአገር ወጥተው በጻፉት መጽሐፍ ነገሩን ዘርዝረውታል። በበዓሉ ሰሞን ግን ስለ ረሃብ የሚጮህ ጋዜጣ፣ የሚጠይቅ ተቃዋሚ፣ በሚቀጥለው ምርጫ እወድቃለሁ ብሎ የሚፈራ ባለሥልጣን አልነበረም። ዓለም የሰማው በጥቅምት የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ሲደርስ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። መሬት ለአራሹ ብሎ ያወጀው መንግሥት አራሹ ሲሞት ድግስ ላይ ነበር።

ሰላማዊ «አይ» ሲከለከል «አይ» አይጠፋም፤ ጠመንጃ ይይዛል። በደርግ አሥራ ሰባት ዓመት መንግሥቱን ከወንበሩ ሊያወርድ የሞከረ ነገር ሁሉ የመጣው ከአፈሙዝ ነው፤ በ1981 ዓ.ም. የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት፣ በ1983 ዓ.ም. ከጫካ የመጣው ጦር። በኮሮጆ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ስንት እናት ልጇን ባልቀበረች!

ብዙ ፓርቲስ መድኃኒት ነው?

አይደለም። ይህን ካልጨመርን ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢትዮጵያ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ፓርቲዎች ነበሩ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ግን የፓርላማውን ወንበር በሙሉ ወሰዱ። የፓርቲ ብዛት የጌጥ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቁጠር ያለብን ፓርቲ አይደለም፤ ሦስት ነገር ብንጠይቅ ይበቃናል። ገዢውን ሳንገድልና ሳንገደል ማውረድ እንችላለን? «አይ» ያለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ያድራል? የወረደውስ ነገ ተመልሶ መወዳደር ይችላል?

በዚህ ሚዛን የአንድ ኮሙኒስት ፓርቲ አገዛዝ ይወድቃል። የሚወድቀው መሪዎቹ ክፉ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ «ፓርቲው ይመራል» የሚለውን በሕገ መንግሥት ጽፎ የመጀመሪያውን ጥያቄ አስቀድሞ ስለዘጋው ነው። አያቶቻችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር። አብዮቱ ንጉሡን አወረደ፤ የማይከሰሰውን ወንበር ግን ለፓርቲው አቆየለት። ሥራ የሚሠራ አምባገነን አለ፣ አገር የሚያጠፋ አምባገነን አለ። ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ሆኖም የትኛው እንደሚደርስህ የምትመርጠው አንተ አይደለህም፤ የደረሰህም ሲበላሽ የምትመልስበት ሱቅ የለም።

ለጓደኛችን ይህን ሁሉ ነገርነው። አልተሸነፈም፤ «እናንተ በሐሳብ ሙቱ፣ እኔ ባቡሬን እጠብቃለሁ» አለን። ይጠብቅ። እኛም ደስ ያለን አንድ ነገር ነው፤ በክርክሩ ሁሉ «አይ» ብሎን በሰላም ቤቱ ገብቷል። የምንፈልገው አገርም እንዲሁ ዓይነት ነው።

ቸር እንሰንብት።