ባሕር የሌላት ሀገር ባሕርን ስትሸጥ

«አኳ ዲ ጆ»ን የማያውቅ የሽቶ ነጋዴ የለም። አስመስሎ የተሠራውም ሞልቷል። ሽቶው ገበያ የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መነሻው ጣሊያናዊው ዲዛይነር ጆርጆ አርማኒ የዕረፍት ቤት የነበረው የፓንቴለሪያ ደሴት ዳርቻ ነው። ማስታወቂያው ሁሌም ማዕበል፣ ዓለትና እርጥብ ገላ ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ግን ባሕር የለም። የእውነተኛው ባሕር ጠረን በአብዛኛው የሚመጣው ዳይሜቲል ሰልፋይድ ከሚባል ጋዝ ነው፤ የባሕር አልጌ ሲሞትና ባክቴሪያ ሲያፈርሰው ይወጣል። ጠንከር ሲል የተቀቀለ ጎመን ይሸታል። ይህን ማን አንገቱ ላይ ይነፋል? ቀማሚዎቹ የሚጠቀሙት ካሎን የተባለ ውህድ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ያገኙት የመድኃኒት አምራቹ የፋይዘር ኬሚስቶች ናቸው። ሐብሐብና የባሕር ነፋስ የተቀላቀሉ ይመስላል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «የባሕር ሽቶ» የሚባል አንድ ሙሉ ዘርፍ የተከፈተው በእሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአኳ ዲ ጆ ዋና ቀማሚ አልቤርቶ ሞሪያስ ይሠራ የነበረው ለፊርሜኒሽ ነው። ፊርሜኒሽና ተፎካካሪው ጂቮዳን ሁለቱም በ1895 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ፣ ጄኔቫ ላይ ያደጉ የሽቶ ቅመማ ግዙፎች ናቸው። ስዊዘርላንድ እንደኛው የባሕር በር የላትም። የባሕርን ጠረን ግን ለዓለም ትሸጣለች።

ወደብ አያስፈልገንም እያልኩ አይደለም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ሀገር ንግዷን በአንድ መስመር ላይ መንጠልጠሏ ሊያሳስበን ይገባል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ መርከቡ ቢገኝስ ምን ልንጭንበት ነው?

ለሽቶ ገበያ የምንጭነው አለን። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው «አኳ ዲ ጆ ፕሮፉሞ» ባሕርን ከዕጣን ጋር ያጣመረ ነው። ዕጣን ደግሞ የመተማ፣ የቋራና የትግራይ ቆላዎች ሀብት ነው። ከደጋ የሚወርዱ ወጣቶች በበጋው ሐሩር የዛፉን ልጥ እየፋቁ ይሰበስቡታል። መጋዘን ውስጥ ሴቶች በእጃቸው ለቅመው በደረጃ ይለዩታል። ከዚያ አብዛኛው ጥሬውን በጆንያ ይወጣል። ዘይቱ ሲወጣ፣ ሲቀመም፣ ስም ሲወጣለት እኛ የለንም።

«ማቀነባበሪያ ካፒታል ይፈልጋል» የሚል መልስ አውቃለሁ። ለቤተ ሙከራውና ለስሙ እውነት ነው፤ የጄኔቫዎቹም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ግን ዘይቱን በእንፋሎት ማውጣት ነው። አረቄ የምታወጣ እናት መሠረቱን ታውቀዋለች። በየዓመቱ የምናስመርቃቸው ኬሚስቶች ጥራቱን መጠበቅ አያቅታቸውም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. «ኔቸር ሰስተይነቢሊቲ» ላይ የወጣ ጥናት፣ የዕጣን ዛፍ በአብዛኛው አካባቢ ለአሥርት ዓመታት ራሱን እንዳልተካ አሳይቷል። የቆሙት አርጅተዋል፤ ችግኙን ከብት ይበላዋል፣ እሳት ይጨርሰዋል። የሚፋቀው ዛፍ ደግሞ ዕረፍት አያገኝም። በዚህ ከቀጠለ ምርቱ በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ይላል ጥናቱ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ዓመት እንዳለፈ እናንተው ቁጠሩ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይደረግ፦ ጫካው ከግጦሽና ከእሳት ይከለል፤ የሚፋቀው ዛፍ ተራ ዕረፍት ያግኝ፤ የአካባቢው ማኅበራት የረጅም ጊዜ የመጠቀም መብት ተሰጥቷቸው ዘይቱን እዚያው ያውጡ። ነገ ልጁ እንደሚጠቀምበት ያላመነ ሰው ዛሬ ችግኝ አያጥርም።

የባሕር በር ጉዳይ የጎረቤትን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። የዕጣን ዛፍ ግን ከማንም ጋር ድርድር አያስፈልገውም። መሬቱም ሥልጣኑም የኛው ነው።