ከፊልም ወደ ማጀት

ፊልም የሚወድ ወጣት ብዙ ነው፤ ከወደደው ፊልም አንድ ቁም ነገር ወስዶ በእጁ የሚሠራበት ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ተመልካች የተዋናዩን አለባበስ፣ የጠጉሩን አቆራረጥ ወይም የአነጋገሩን ስልት ይወስዳል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንደግፈው አሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም የምዕራብ ጎጃም ወጣት፣ በተለይም ወንዱ ልጅ፣ ከወደደው ፊልም ተነሥቶ ማጀት ይግባ፤ በአገሩም ምርት ጣፋጭ ምግብ መሥራትን ይልመድ የሚል ነው። ለዚህ አሳብ መነሻ የሚሆነን «ላምብ» የተባለው ፊልም ነው።

«ላምብ» ማለት የበግ ግልገል ማለት ነው። ፊልሙ በያሬድ ዘለቀ አዘጋጅነት በአማርኛ የተሠራ ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በተደረገው የፊልም በዓል ላይ ታይቷል። በዚያ በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባትም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። የታሪኩ ባለቤት ኤፍሬም እናቱ በሞት የተለየችው የ9 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን በተራራማ ስፍራ ከሚኖሩ ዘመዶች ዘንድ ያስቀምጠዋል። ልጁ የሚመካባቸው ነገሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ከልቡ የሚወዳት በጉ ስትሆን፣ ሁለተኛው የምግብ ሥራ ሙያው ነው። አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ማረስ እንጂ ወጥ መሥራት አይገባውም ባይ ስለሆነ ሙያውን ይንቅበታል፤ በጓንም ለመስቀል በዓል ሊያርዳት ያስባል። ኤፍሬም በጉን አድኖ ወደ ቀድሞ መንደሩ ለመመለስ ሲል ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ ይሸጣል። እንግዲህ ሌሎች እንደ ነውር የቆጠሩት ሙያ ለዚህ ልጅ መውጫ መንገዱ ሆነለት።

ይህን ፊልም የወደደ ተማሪ ምን ይሥራ? ሳምቡሳ ይጥበስ ማለት ቀላል መልስ ነው፤ ነገር ግን ከፊልም መማርና ፊልምን መቅዳት አንድ አይደሉም። ኤፍሬም ሳምቡሳ የሠራው ያንን ስለሚያውቅ ነው። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጅም ሊነሣ የሚገባው በቤቱ ካለው ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሠራው «ራታቱይ» የተሰኘው የካርቱን ፊልም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ፊልም ውስጥ ማንም ያላስደሰተውን ቁጡ የምግብ ሐያሲ ልቡን የሚያርደው በወርቅ ሳሕን የቀረበ ብርቅ ምግብ ሳይሆን፣ በልጅነቱ እናቱ ትሠራለት የነበረው ተራ የገበሬ የአትክልት ወጥ ነው። ስለዚህ ከፊልም የሚገኘው ትምህርት «የእነርሱን ሥራ» የሚል ሳይሆን «የራስህን አስታውስ» የሚል ነው።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለዚህ ተግባር የሚስማማው የኑግ ጭብጦ ነው። ጭብጦ ከተወቀጠ ኑግና ከተቆላ እህል ተለውሶ በጭብጥ እየተደረገ የሚበላ፣ እረኞች ልጆች የሚወዱት የቆየ ምግብ ነው። ማር ሲጨመርበት ከምግብ በኋላ ለእንግዳ የሚቀርብ ጣፋጭ ይሆናል። ኑግና ማር መገናኘታቸውም እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ እርሻው ቢጫ አበባ ይለብሳል፤ ንቦችም ከዚያ አበባ ይቀስማሉ። የኑግ ተክል በራሱ ጽጌ ብናኝ ብቻ በሚገባ ፍሬ ስለማይሰጥ ብናኙን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚያደርስለት ነፍሳት፣ ከሁሉም ይልቅ ንብ፣ ያስፈልገዋል። ንቧ ለኑጉ ፍሬ ትሰጠዋለች፤ ኑጉም ለንቧ ማር ይሰጣታል። ጭብጦውን የሚሠራ ተማሪ በአንድ አበባ ላይ የተገናኙትን ሁለት በረከቶች በአንድ ሳሕን መልሶ ያገናኛል ማለት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ 2 ኩባያ ኑግ ተበጥሮና ተለቅሞ፣ ታጥቦም በፀሐይ ይደርቃል። ቀጥሎ ምጣድ በለዘብተኛ እሳት ላይ ተጥዶ ኑጉ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ይታመሳል። መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላ ወዲያውኑ ይወጣል፤ ካረረ ይመራልና። በረድ ሲል በሙቀጫ ይወቀጣል። ኑግ በዘይት የበለጸገ ስለሆነ እየደቀቀ በሄደ መጠን ዘይቱ እየወጣ እርስ በርሱ ይያያዛል። ከዚያም 1 ኩባያ የተነፋ የገብስ በሶና ጥቂት ጨው ተጨምሮ እንደገና ይወቀጣል። በመጨረሻም ከግማሽ ኩባያ ያልበለጠ ንጹሕ ማር በጥቂት በጥቂቱ ጠብ እየተደረገ ይለወሳል፤ ሊጡ በእጅ ሲጨበጥ የማይፈርስ ሲሆን ማሩ በቅቶታል። በእንቁላል መጠን እየተጨበጠ በሳሕን ላይ ይደረደራል። ቅቤም ወተትም ስለማይገባበት በጾም ወራት ለመብላት ያመቻል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች አስቀድመው የሚጠቅሱት «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚለውን አባባል ነው። ይሁን እንጂ ይህ አባባል የአገራችንን ሥርዐት በሙሉ አይገልጽም። በጎጃም ገጠር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ ብንሄድ ከመቅደሱ አጠገብ ቤተ ልሔም የተባለች ትንሽ ቤት እናገኛለን። በዚያች ቤት ለቅዳሴ የሚሆነውን ኅብስት የሚጋግሩት ወንዶች አገልጋዮች ናቸው። በጣና ሐይቅ ደሴቶች ላይ ሴቶች በማይገቡባቸው ገዳማትም የማኅበሩን ምግብ የሚያዘጋጁት መነኮሳቱ ራሳቸው ናቸው። ከቤቱ ርቆ ቅኔ የሚማረውም የቆሎ ተማሪ በሶውን የሚበጠብጥለት ሌላ ሰው የለውም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ክብር የሆነው ሥራ በቤት ውስጥ ውርደት የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ነውሩ በሥራው ላይ ሳይሆን በእኛ አመለካከት ላይ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የነገሩም ክብደት ከአባባል ያለፈ ነው። ከጃቢ ጠህናንና ከቡሬ ዙሪያ ቀበሌዎች ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመጡ ብዙ ተማሪዎች በከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ስንቃቸውን ከቤታቸው ተሸክመው ይመጣሉ፤ እንጀራው ግን ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ይሻግታል። ምግብ መሥራት የማያውቅ ወንድ ተማሪ ያን ጊዜ ወይ ጦሙን ያድራል፣ ወይ ለደብተር የተሰጠውን ገንዘብ ለሻይ ቤት ያውላል። እኅቱ አብራው የምትማር እንደ ሆነች ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ከአንድ ክፍል ወጥተው ወደ አንድ ቤት ይገባሉ፤ እርሱ መጽሐፉን ሲዘረጋ እርሷ እሳት ታነዳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ወጥ ትሠራለች። ፈተና በደረሰ ጊዜም ሁለቱ እኩል ተዘጋጅተዋል ብለን እንመዝናቸዋለን። ይህ ፍትሕ አይደለም። ወንድሟ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ማጀት ቢገባ ያ ሰዓት ለእኅቱ የጥናት ጊዜ ይሆናታል። ኤፍሬም በሙያው በጉን ለማዳን እንደ ጣረ ሁሉ፣ የእኛም ልጅ በሙያው የእኅቱን ትምህርት ሊያድን ይችላል።

ሌሎች ደግሞ «ማር ውድ ነው፤ ለችግረኛ ተማሪ ጣፋጭ ምን ያደርግለታል?» ይሉ ይሆናል። ማር በርካሽ እንደማይገኝ አይካድም። ሆኖም ጭብጦው ያለ ማርም ይሠራል፤ ኑጉና በሶው ብቻቸውን ረኃብን ያስታግሣሉ፤ ደረቅ ስንቅ ስለሆኑም እንደ እንጀራው ቶሎ አይበላሹም። ማሩ ለበዓል ቀን ወይም ለእንግዳ ሊቆይ ይችላል። ደግሞም ጣፋጭ መሥራት ለጀማሪ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው። ማጀት ገብቶ የማያውቅን ልጅ በመጀመሪያው ቀን ዶሮ ወጥ ሥራ ብንለው ይሸሻል፤ ኑግ ውቀጥና ማር ለውስ ብንለው ግን ደስ እያለው ይጀምራል። ዛሬ ዘነዘና ያነሣ እጅ ነገ ሽሮ ማማሰሉ፣ ከነገ ወዲያም ሊጥ ማቡካቱ አይቀርም።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ ፊልም ማየት ጊዜ ማባከን ነው የሚሉትን የምታሳፍሯቸው በክርክር ሳይሆን በሥራ ነው። የወደዳችሁትን ፊልም አይታችሁ ስትጨርሱ ባለታሪኩ ምን እንደ ለበሰ ሳይሆን በምን ሙያ ከችግር እንደ ወጣ ጠይቁ። ያም ሙያ በቤታችሁ፣ በእርሻችሁና በቀፏችሁ ውስጥ ይገኝ እንደ ሆነ መርምሩ። ወንዶች ልጆችም በመጪው የበዓል ቀን ምጣዱን ራሳችሁ ጥዳችሁ ኑጉን ቁሉ፤ ጭብጦውንም ሠርታችሁ አስቀድማችሁ ለእናቶቻችሁና ለእኅቶቻችሁ አቅርቡ። እነርሱ አንድ ቀን ተቀምጠው ቢበሉ የማንም ክብር አይቀንስም።