የሚተከል ጥርስ፤ ከመክፈላችን በፊት የምንጠይቀው



በየቤታችን ጥርስ የጎደለው ሰው አይጠፋም። አባት ቆሎ መቆርጠም ትተዋል፤ እናት ሲስቁ በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍናሉ። ዐረብ አገር ያለች ልጅ ደግሞ ደውላ «እማዬ፣ ገንዘቡን እልካለሁ፤ ጥርስሽን አስተክይ» ትላለች። ወላጅን ለማስደሰት ከሚወጣ ገንዘብ የተሻለ ምን አለ? ይሁንና ጥርስ ማስተከል በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ስላልሆነ አስቀድመን ልናውቀው የሚገባን ነገር አለ።

መንጋጋ ውስጥ የሚተከለው ጥርሱ ሳይሆን ሥሩ ነው። ድዱ ደንዝዞ፣ ከታይታንየም የተሠራ ትንሽ ብሎን በአጥንቱ ውስጥ ይገባል፤ አጥንቱም ዙሪያውን አድጎ አጥብቆ ይይዘዋል። ይህን ያስተዋሉት ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ያስገቡትን የታይታንየም መሣሪያ ሊያወጡ ቢሞክሩ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ እምቢ አላቸው! በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ ተከሉለት፤ ሰውየውም በ2006 እስኪሞት ድረስ ተጠቀመበት።

አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ዋናው ጥርስ የሚደረበው ከዚያ በኋላ ስለሆነ «ለዒድ ይድረስልኝ» ብሎ ሐኪምን ማጣደፍ አይጠቅምም። በጾም ሰዓትም ደምና ውኃ መዋጥ ስለሚያሰጋ ቀጠሮውን ከረመዷን ውጭ ማድረግ ይሻላል።

ጥርስ ከወለቀ በኋላ ሥራ የፈታው አጥንት ይመነምናል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ብዙ ዘመን ካለፈ ሐኪሙ «አጥንት መጨመር ያስፈልጋል» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሚጨመረው ከታካሚው ከራሱ አጥንት፣ ከሞተ ሰው ልገሳ፣ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም በፋብሪካ ከተዘጋጀ ማዕድን የተገኘ ሊሆን ይችላል። ከላዩ የሚለበጠው ስስ ሽፋንም ብዙ ጊዜ ከአሳማ የሚዘጋጅ ነው። ሐኪሙ ይህን ሳይነግረን ቢቀር በክፋት አይደለም፤ በሙያው ዓይን ልዩነቱ ስለማይታየው ነው። እኛ ግን እንጠይቅ፤ ያውም አፋችንን ከፍተን ከተቀመጥን በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀጠሮ። ሌላ አማራጭ ስላለ በጊዜ ከተነገረው ሊያዘጋጅ ይችላል።

«የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንም ወይ?» የሚሉ ወገኖችም አሉ። ዐርፈጃ ኢብን አስዐድ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ ከብር አሠራ፤ በሸተተበት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠራ እንዳዘዙት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ሊቃውንት የጥርስንም ጉዳይ ከዚህ ጋር አያይዘው ያዩታል። ጉድለትን መሙላት አንድ ነገር ነው፤ ጤነኛ ጥርስን ለውበት ብሎ መሞረድ ሌላ።

ወጣቶች ሆይ፣ መንጋጋ እድገቱን ሳይጨርስ ጥርስ አይተከልም። ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰውና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቁስላቸው በቶሎ አይድንም። ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሚወስዱ እናቶችም ይህን ለሐኪሙ ሳይነግሩ እንዳይጀምሩ። አቅም ያነሰው ደግሞ የሚወልቀውን ጥርስ ቢያሠራ ነውር የለውም፤ ብዙ ሰው በእርሱ በልቶ ያድራል።

የተተከለ ጥርስ አይቦረቦርም፤ ድዱ ግን ሊቆስልና አጥንቱን ሊያሳሳ ስለሚችል መፋቂያው ወይም ቡርሹ ከድዱ ሥር መድረስ አለበት። በውጭ አገር ያስተከላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ የብሎኑን ሥሪትና መጠን የሚገልጸውን ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። ቢላላ እዚህ ያለው ሐኪም የትኛው መፍቻ እንደሚስማማው የሚያውቀው በዚያ ነው።