የላፍሮይግ ጭስና የእናቴ አረቄ

አንድ የቆየ የኪስ ደብተር አለኝ። የጋዜጠኛ ደብተር ነው ብላችሁ ምስጢር እንዳትጠብቁ፤ የቀመስኳቸውን ውስኪዎች የጻፍኩበት ነው። ሰሞኑን ቤት ስንቀይር ከካርቶን ውስጥ ወጣና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን አፈርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እፍረቱ ነው።

የመጀመሪያው ማስታወሻ የ2005 ዓ.ም. ነው፤ ዲግሪዬን ይዤ ደመወዝ መቀበል የጀመርኩበት ዓመት። «ብላክ ሌብል፣ ከኮካ ጋር። ለስላሳ፣ ጣፋጭ፣ የትልቅ ሰው መጠጥ» ይላል። ልብ በሉ፤ ለስላሳውም ጣፋጩም ኮካው ነው። የውስኪው ድርሻ «የትልቅ ሰው» የምትለዋ ብቻ ናት።

ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ገጽ አለ። ከአውሮፓ የመጣ ጓደኛችን ከኤርፖርት የገዛውን የአሥር ዓመት ላፍሮይግ ከፈተልን። «የሆስፒታል ኮሪደር። አዮዲን የነካው ፋሻ ሲቃጠል። ሰው ይህን ገንዘብ ከፍሎ ይጠጣል?» ብዬ ጽፌያለሁ። ብርጭቆዬን በግማሽ ተውኩት።

በ2014 ያንኑ ውስኪ እንደገና ቀመስኩ። ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦ «ጭስ። የባሕር ጨው። ከተዋጠ በኋላ የሚቆይ የብቅል ጣፋጭነት። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ከየት እንደሆነ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም።»

ያው ስም፣ ያው አረንጓዴ ጠርሙስ፣ ያው አሥር ዓመት። ታዲያ የተለወጠው ማን ነው?

ጠርሙሱም ሊለወጥ እንደሚችል መካድ አይቻልም። ጃክ ዳንኤል በአንድ ወቅት 45 በመቶ አልኮል ነበረው፤ ዛሬ የምናውቀው 40 በመቶ ነው። ሜከርስ ማርክ የተባለው የአሜሪካ ውስኪ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ከ45 ወደ 42 በመቶ ሊያወርድ መሆኑን ሲናገር ደንበኞቹ ስለጮኹበት በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀይሯል። በሌላ በኩል እኛ ቤት ለልጅ ሠርግ ተብሎ ቡፌ ውስጥ ዓመታት የሚቀመጠው ያልተከፈተ ጠርሙስ «እያረጀ» አይደለም። ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ነው፤ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ዕድሜው እዚያው ይቆማል። «12 ዓመት» የሚለው ጽሑፍም ቢሆን ውስጡ ከተቀላቀሉት ውስኪዎች የትንሹን ዕድሜ ነው የሚናገረው።

በእኔ ደብተር ግን በዋናነት የተለወጠው ምላሴ ነው። አልኮል ሲያቃጥለን የሚቀሰቅሰው የነርቭ መቀበያ ሚጥሚጣ የሚቀሰቅሰውን ያንኑ ነው። ሚጥሚጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ልጅ ከቃጠሎው በቀር የሚሰማው ነገር የለም፤ የለመደ ሰው ግን ከቃጠሎው ሥር ኮረሪማውን ይለያል። ቡና ያለ ስኳርም፣ የጠላ ጌሾም እንደዚያው ነው። መራራን ወዶ የተወለደ ሰው የለም፤ ሁላችንም ለምደነው ነው። እኔም በ2005 በኮካ የሸፈንኩት ቃጠሎውን ነበር። ኮካውን ትቼ ጥቂት ጠብታ ውሃ ብቻ እየጨመርኩ በዝግታ መቅመስ ስጀምር ከሥሩ ያለው ተገለጠልኝ። በነገራችን ላይ የምጠጣውም ቀነሰ። ድሮ አራት መለኪያ የማይበቃኝ ሰው አሁን አንዷ ታመሸኛለች።

ያ የጭስ ሽታ ከየት እንደማውቀው የገባኝ በ2015 የገና ሰሞን ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። እናቴ ቤት ስደርስ ለበዓሉ ጠላ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ስታጥን አገኘኋት። ጭሱ ጓዳውን ሞልቶታል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ላፍሮይጉን ያገኘሁት እዚያ ነበር።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ላፍሮይግ በሚወጣበት በስኮትላንዱ አይላ ደሴት የሚነድ እንጨት እንደ ልብ አልነበረም። ስለዚህ ፒት የሚባለውን፣ ረግረግ መሬት ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የዕፅዋት ብስባሽ ቆፍረው፣ እንደ ኩበት አድርቀው ያነዳሉ። የበቀለውን ገብስ በዚያ ጭስ ያደርቁታል፤ ጭሱም ብቅሉ ውስጥ ገብቶ እስከ ብርጭቆው ድረስ ይከተላል። እኛ ጋኑን እናጥናለን፣ እነሱ ብቅሉን ያጥናሉ።

እናቴ አረቄም ታወጣለች። ብቅልና ጌሾው ተደፍድፎ ከተብላላ በኋላ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወርዶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል። ሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ «ዳግም» ይባላል። የስኮትላንድ ሲንግል ሞልትም አብዛኛው የሚወጣው ሁለት ጊዜ ነው። ከመዳብ ጋኑ እንደወጣ እንደ እናቴ አረቄ ውሃ ይመስላል፤ ቀለም የለውም። ውስኪ ለመባል ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል እንዲተኛ ሕጋቸው ያዝዛል። ብዙውን ጣዕሙን የሚያገኘው ከዚያ እንጨት ነው።

አሁን ወደ እፍረቱ ልምጣ።

በ2010 ሳገባ እናቴ ለእኔ ሠርግ ብላ ያወጣችውን ዳግም በጀሪካን ይዛ አዲስ አበባ መጣች። «እማዬ፣ ይሄ ጓዳ ይቀመጥ፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎች አሉ» አልኳት። «እሺ ልጄ» ብላ ጀሪካኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ከፊት ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ተበድሬ የገዛኋቸው ብላክ ሌብሎች ተደረደሩ። በደብተሬ ስለዚያ ቀን አንድም መስመር የለም። ጠጥቻለሁ፤ ጣዕሙ ግን ትዝ አይለኝም። ብድሩን ስከፍል የቆየሁበት ጊዜ ግን ትዝ ይለኛል።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላመጣውም ነበር። በጥቅምት 2015 መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲያግድ የአልኮል መጠጦችም ከመካከላቸው ነበሩ። እገዳው የተነሳው በሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ማሻሻያ ነው። በነዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በተጠራሁባቸው ሠርጎችና ምርቃቶች ጠርሙሱ ከጠረጴዛ ሲወርድ አላየሁም። ዋጋው ሲወጣ ጭራሽ ክብሩም አብሮ ወጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ኦሪጅናል ነው?» ሆነ፤ ሁለተኛው «ስንት ገባ?» «ጣዕሙ እንዴት ነው?» ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

ዋጋ ምላስን እንደሚያዝዝ የታወቀ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ ሰዎች አንዱን ወይን ጠጅ አንድ ጊዜ በ10 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ በ90 ዶላር ዋጋ ስም ቀመሱት። ባለ 90ው ይበልጥ ይጣፍጣል አሉ። ውሸታቸውን አልነበረም፤ በአንጎል ምርመራው ደስታን የሚያስተናግደው ክፍል በእርግጥም ይበልጥ ሲሠራ ታይቷል። እንግዲህ እኛ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ስናቆመው ለእንግዳው ዋጋውን እያጠጣነው ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? እንግዳ የሚከበረው እሱ በሚወደው ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ግማሹ ልክ ነው። አረቄ ከውስኪ ይበልጣል እያልኩም አይደለም፤ አሥር ዓመት በርሜል ውስጥ የተኛን መጠጥ ትናንት ከወጣው ጋር ማወዳደር ለሁለቱም ፍትሕ አይሆንም። ላፍሮይግንም አሁንም እወደዋለሁ። የእኔ ጥያቄ እንግዳው የሚወደውን መቼ ጠየቅነው የሚለው ነው። በሠርጌ ቀን ከመሥሪያ ቤት ሰዎቼ መካከል እንደ እኔ በወይራ ጭስ ያደጉ ስንት ነበሩ? እነሱም ምናልባት እንደ እኔ ብላኩን በኮካ እየሸፈኑ፣ «የትልቅ ሰው መጠጥ» እያሉ ነበር። ተፋፍረን፣ ማንም ያልጠየቀውን በብድር ገዝተን ጠጣን።

ምላስ ከተዉት ይማራል፤ ደብተሬ ለዚህ ምስክር ነው። የጠላሁትን ላፍሮይግ በአምስት ዓመት አስወድዶኛል። ይሉኝታ ግን ገና ከመቅመሳችን በፊት መልሱን ስለሚነግረን ምላሳችን የሚማርበትን ዕድል ይነጥቀዋል። እኔ የእናቴን አረቄ ጓዳ ያስገባሁት ቀምሼ አልጥም ብሎኝ አልነበረም። አልቀመስኩትም።

በዚህ ሰሞን የምታገቡ፣ ልጅ የምትድሩ ወይም የምታስመርቁ ካላችሁ ምክሬ አጭር ነው። ውስኪ የምትወዱ ከሆነ አቅማችሁ የፈቀደውን ግዙ፤ ግን ለጣዕሙ ይሁን። ካልወደዳችሁት ደግሞ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ብላችሁ አትበደሩ። እናታችሁ ያዘጋጀችውን ጠላም ሆነ ጠጅ ከጓዳ አውጡት።

ደብተሩ ላይ ያልተጻፈባቸው ጥቂት ገጾች ቀርተዋል። እናቴ አዲሱን ቤታችንን ልታይ ለበዓሉ ትመጣለች። «ዳግም ይዘሽ ነይ» ብዬ ስደውልላት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ለማን ነው?» አለችኝ። ለእኔ ነው አልኳት። መለኪያው ሳሎን፣ ጠረጴዛው መሐል ይቀመጣል። ቀምሼ በገጹ ላይ ያገኘሁትን እጽፋለሁ፤ አቃጥሎ ካስለቀሰኝም ያንኑ።

ቸር እንሰንብት።