ሳያመን የምንውጠው መድኃኒት



በቅርቡ እዚሁ ፔታሕ ቲክቫ አንዲት እናት ፎርም ለማስሞላት ወደ ቢሯችን መጡ። እግራቸውን ደጋግመው ሲያሹ አይተን ጠየቅናቸው። «ጡንቻዬን ሁሉ ያመኛል፤ እርጅና ነው» አሉን። ከቦርሳቸው ግን ሁለት የመድኃኒት ሣጥኖች ወጡ፤ አንዱ ሊፒቶር፣ ሌላው ቶሪድ ይላል። ሁለቱም አቶርቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ናቸው፤ ስማቸው የተለያየው አምራቾቹ ስለሚለያዩ ነው። እኚህ እናት ሁለቱንም በየቀኑ ይውጡ ነበር። ሐኪም ዘንድ ያስተረጎመችላቸው የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበረች፤ እርሳቸውም ለሁሉም «እሺ» ብለው ወጥተዋል። በዚያው ቀን ከኩፓት ሆሊም ነርሳቸው ጋር አገናኘናቸው።

ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚገኝ ስብ ነው። ሲበዛ የደም ሥርን እያጠበበ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ ግን አያምም። በአገራችን መድኃኒት ሲሻለን እንተው ነበር። ይህን ግን ደህና ነኝ ብለን ብንተወው ኮሌስትሮሉ ተመልሶ ይጨምራል። ስለዚህ፦

1. አዲስ ስም ያለው ሣጥን ሲሰጣችሁ አሮጌውን ለፋርማሲስቱ አሳዩ። «የዚህ ምትክ ነው ወይስ ተጨማሪ?» ብላችሁ ጠይቁ።

2. ምክንያቱ ያልታወቀ የጡንቻ ሕመም ወይም ድካም ከተሰማችሁ ዝም አትበሉ፤ በራሳችሁም አታቁሙ። ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሊቀይር ይችላል። ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በከተማችን ቤሊንሰን ሆስፒታል አለ፤ አምቡላንስ በ101 ይጠራል።

3. ኤሽኮሊት የሚባለው መራራ ፍሬና ጭማቂው አቶርቫስታቲንንና ሲምቫስታቲንን በደም ውስጥ ያበዛቸዋል። አንዳንድ አንቲባዮቲኮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኮሶም ይሁን ሌላ የባህል መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ።

4. ያረገዘች፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ እናት ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር።

5. ለእናንተ የታዘዘውን ለባል፣ ለሚስት ወይም ለጎረቤት አታካፍሉ። ለኪፑርና ለስግድ ጾም አወሳሰዱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

በ1996 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ ሐኪሙ በተቻለ መጠን በሚገባን መንገድ እንዲያስረዳን ያዝዛል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ሕፃናት ልጆቻችንን ይህን ሸክም አናሸክማቸው። «እሺ» ከማለታችን በፊት «ሎ ሄቫንቲ»፣ አልገባኝም፣ ማለትን እንልመድ። ነውር የለውም፤ ነፍስ ያድናል።

እኚያ እናት ዛሬ የሚወስዱት ከአንድ ሣጥን ብቻ ነው።