ጩኸቱ ብቻውን ጎል አይሆንም

መኪናው ቆሟል፤ ሞተሩ ግን ይጮሃል። «ጠ-ጠ-ጠ-ጠ» እያለ ከጭስ ማውጫው እሳት ይተፋል። መንገደኛው ጥይት መስሎት ይደነግጣል፣ ወጣቱ ሞባይሉን አውጥቶ ይቀርጻል። «ላውንች ኮንትሮል አስገጥሟል!» ይባላል። የመኪና ወዳጆች በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩት ልክ እንደ አርሴናልና ማንቸስተር ደጋፊ ነው። ክርክሩ ግን ብዙውን ጊዜ ጩኸቱ ላይ ያበቃል። ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? እንደ ሰሜን ሸዋ ባለ ደጋና ገደል የበዛበት አገርስ ምን ይፈይዳል?

ማንኛውም ዘመናዊ ሞተር የዙር ገደብ አለው። ለምሳሌ በደቂቃ 6 ሺህ 500 ዙር ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ወይም የካንዴላ እሳት ይቆርጣል። ሞተሩ ራሱን እንዳይበላ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ በሉት። ላውንች ኮንትሮል በዚህ ላይ ሁለተኛ፣ ዝቅ ያለ ገደብ ይጨምራል። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይጫናል። ኮምፒውተሩ መኪናው መቆሙንና ፍሪሲዮኑ መረገጡን አይቶ ሞተሩን ለምሳሌ ከ4 ሺህ ዙር አያሳልፈውም። እሳት ይቆርጣል፣ ይመልሳል፤ ይቆርጣል፣ ይመልሳል። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ዝቅተኛው ገደብ ይነሳና መኪናው ይወነጨፋል። ዙሩ ካነሰ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከበዛ ደግሞ ጎማው እዚያው ቆሞ ይሽከረከራል። ጥበቡ ያለው መሀሉን ማግኘት ላይ ነው።

ታዲያ ጩኸቱ ከየት መጣ? የካንዴላ እሳት ሲቆረጥ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጋለው ጭስ ማውጫ ያልፍና እዚያ ይፈነዳል። ተመልካች የሚያጨበጭብለት ፍንዳታ ጎማውን ሳያዞር የባከነ ቤንዚን ነው ማለት ነው። በላዩ ላይ ቫልቭና ማርሚታ ይጎዳል፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮም ዕድሜያቸው ያጥራል።

ደጋው ላይ ግን አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ከቆላ የመጣ ቡድን አዲስ አበባ ላይ በሁለተኛው አጋማሽ ምን እንደሚሆን የኳስ ቤተሰብ ያውቃል፤ ያለ ቱርቦ የሚተነፍስ ሞተርም እንደዚያው ነው፣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ያለው አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ይሻላል። ችግሩ ቱርቦ ከእንቅልፉ እስኪነቃ ጊዜ ይወስዳል፣ አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ይብስበታል። ላውንች ኮንትሮል የካንዴላውን እሳት አዘግይቶ ትኩስ ጭስ ወደ ቱርቦው በመላክ ገና መኪናው ሳይነሳ ይቀሰቅሰዋል። የዚህ ዕቃ ትክክለኛ ሥራ ይሄ ነው። ቱርቦ የሌላት፣ ካምቢዮዋም አውቶማቲክ የሆነ ቪትዝ ላይ ሲገጠም ግን ትርፉ ጩኸት ብቻ ነው።

በትልቁ ሜዳም ቢሆን ዕቃው ሁሌ አላሸነፈም። ፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ. በ2001 በስፔን ውድድር ላውንች ኮንትሮልን ሲፈቅድ የማክላረኑ ዴቪድ ኩልታርድ ገና ከመነሻው መኪናው ቆመችበትና ከኋላ ለመነሳት ተገደደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦስትሪያ ላይ ሚካ ሃኪነንን ጨምሮ አራት መኪኖች መነሻው ላይ ተገትረው ቀሩ። በ2004 ሥርዓቱ ታገደ። ጅማሮው ወደ ሾፌሩ እግር ተመለሰ።

ዋናው ጥያቄ ግን ከተነሱ በኋላ የት ነው የሚኬደው የሚለው ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሜዳውን ይጨርስና ከገደል አፋፍ ይደርሳል። ጉም አለ፣ በግ አለ፣ አህያ የሚነዳ ገበሬ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን አለ። በጣርማበር በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውም ከዚህ አይሻልም። ላውንች ኮንትሮል ማስነሳት እንጂ ማቆም አያውቅም።

የዚህ አካባቢ ልጅ የሆነው የጃቶው አበበ ቢቂላ ሮምንና ቶኪዮን በእግሩ አሸንፎ በ1961 ዓ.ም. ቮልሱ ተገልብጣበት ዳግም መራመድ ሳይችል ቀረ። ያቺ ቮልስ ቱርቦ አልነበራትም፣ ላውንች ኮንትሮልም አልነበራትም። ያን የመሰለ እግር ለመንጠቅ ተራ መኪና በቃ።

«ወጣቱ የት ሄዶ ይወዳደር?» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ጥያቄያቸው ልክ ነው። ኳስ ተጫዋች ሜዳ ከሌለው አስፋልት ላይ ይጫወታል። ስለዚህ መልሱ መኪና የሚወዱትን መስደብ ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው። ሁኔታው ሲፈቅድ ለጥቂት ሰዓት የተዘጋ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ከተመልካች የሚለይ አጥር፣ ፍሬንና ጎማ የሚፈትሽ ባለሙያ፣ ተጠባባቂ አምቡላንስ። እነዚህ ከቱርቦ ይረክሳሉ።

ጊዜውም አይጠብቅም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር የደጋ አየር አያስቸግረውም፣ ሙሉ ጉልበቱንም ከዜሮ ጀምሮ ይሰጣል። ፍሪሲዮን የለው፣ ቱርቦ መቀስቀስ የለው። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ዝምታው ነው። የዛሬው ጩኸት ቢያንስ እናትየዋ ልጇን ከመንገድ እንድትስብ ያስጠነቅቃል፤ የነገው ይህንንም አያደርግም። ሜዳው ካሁኑ ካልተሰመረ ነገ ፊሽካ የሚነፋም አይኖርም።